አይከፈሌ

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ለክቡር አቶ የድንጋይ ጽሑፍ ቀራጭ፤
ባሉበት።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጆሮዬ ጥቂት ከመክበዱና ጉልበቴ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደኅና ነኝ። ስልክ የማላነሣው በዚሁ በጆሮዬ ምክንያት ስለ ሆነ፣ መልስዎን በጽሑፍ እንዲያደርጉልኝ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ኮሚቴ ባዘዘው የእብነ በረድ ጽሑፍ ማዘዣ ጀርባ ላይ ጽፈው የመለሱትን ማስታወሻ የኮሚቴው ሰብሳቢ ትናንት አምጥቶ አሳይቶኛል። «ቁጥሩ ይከፈላል፤ ሳይቀረጽ ባለቤቱ ይጠየቅ» ይላል። አምስት ቃላት ናቸው፤ በአምስቱም ቅር ተሰኝቻለሁ። የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ቢያስተውሉ ኖሮ «ይጠየቁ» ባሉ ነበር። ሰዋስዉን እናቆየውና ወደ ቁም ነገሩ ልለፍ።

በድንጋዩ ላይ እንዲቀረጽ የታዘዘው 829348951 የሚለው ቁጥር፣ ከሥሩም «መምህራችን እንዳስተማሩን» የሚል ቃል ነው። ለሃያ ስምንት ዓመታት፣ በየዓመቱ የትምህርት መክፈቻ ቀን፣ ይህን ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ በሒሳብ ቋንቋ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። «ሰው እንዲህ ይሁን፤ የመጣው ሁሉ አይከፋፍለው» እላቸው ነበር። ተማሪዎቼ በዚህ የተነሣ «አይከፈሌ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል። የማላውቅ መስዬ ኖርሁ እንጂ አውቃለሁ።

ቁጥሩን ከመንገድ ላይ አላነሣሁትም። በገዛ እጄ የሠራሁት የብቸኛ ቁጥሮች ሠንጠረዥ አለኝ፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ በየገጹም አንድ መቶ ቁጥር። ዐሥራ አንድ ትልልቅ ቁጥሮችን መርጬ በሠንጠረዡ ውስጥ ባሉት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በእርሳስ አካፈልኋቸው። ዐሥሩ ተከፈሉ። ሁለት ክረምት ከፈጀ ሥራ በኋላ ሳይበገር የቀረው ይህ ብቻ ነው። እርስዎ እንግዲህ ይህን ነው በአምስት ቃላት ሊያፈርሱት የተነሡት።

የድንጋዩ ምረቃ ቀን ጥር ፭ ነው። ደግሞም ሰብሳቢው እንደ ነገረኝ፣ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ስፋት የታዘዘውን ድንጋይ አንድ ሜትር ከስድሳ አድርገው ቆርጠዋል። ግማሹ ራቁቱን ሊቆም ነው ወይ? ያካፍላል የሚሉትን ቁጥር ይጻፉልኝ፤ አለዚያም ይቅረጹ።

የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ርእሰ መምህር


ጥቅምት 21

ለመምህሬ፣

እንደምን ከረሙ? የጉልበትዎን ነገር ሰምቼ አዝኛለሁ። «ይጠየቅ» ማለቴም ጥፋት ነው፤ የጻፍኩት በአንድ እጄ መዶሻ ይዤ ስለነበረ ነው ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፣ ግን ምክንያት እንደማይቀበሉ አውቃለሁ።

ፖስታው ላይ «ክቡር አቶ» ብለዋል። አቶ አይደለሁም። ዐሥረኛ ክፍል፣ ሁለተኛው መደዳ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል እቀመጥ የነበርኩት ልጅ ነኝ። መልኬ ቢጠፋብዎት እንኳ «እመት ለምን» ሲባል ትዝ ሳይልዎት አይቀርም። ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ እንደ አይከፈሌ በስውር ሳይሆን በክፍል ፊት።

ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። ትምህርት ከተከፈተ ወራት አልፎ ነበር፤ እጄን አወጣሁና «ይሄ ቁጥር እኮ ይከፈላል» አልኩ። «ነዪና አሳዪን» አሉኝ። ወጣሁ። አካፋዩን ጻፍኩና ማካፈል ጀመርኩ። ድርሻው ስድስት አኃዝ ነው፤ አምስቱን ጽፌ አንዱ ብቻ ሲቀረኝ ዳስተሩን አነሱ። «ይህ ቁጥር አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ ተፈትኖ ያለቀ ነው» አሉና ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። ክፍሉ ሳቀ። «ነገ ወላጅ ይዘሽ ነዪ» አሉኝ።

አካፋዩን ጻፊልኝ ማለትዎ ስለዚህ አስቸገረኝ። አንዴ በነጭ ጠመኔ ጽፌዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም። ስልክ ላይ ቢጠይቁት ወዲያው ይነግርዎታል፣ እኔ ግን የምጠብቀው የስልኩን ሳይሆን የእርስዎን መልስ ነው። ያላሳዩት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል ይሉን አልነበር?

የድንጋዩን ስፋት በተመለከተ፣ የተቆረጠ ድንጋይ ማጥበብ ይቻላል፤ ማስፋት ግን አይቻልም። ለጊዜው ከዚህ በላይ አልልም።

የድሮ ተማሪዎ


ጥቅምት ፴ ቀን

ለቀድሞ ተማሪዬ፤

እንደምን አለሽ? ማን እንደ ሆንሽ ካወቅሁ «እርስዎ» ማለቱ ይቅርብን። ሰሌዳውን መጥረጌን አልክድም። ክፍሉ ውስጥ ኀምሳ ሁለት ተማሪ ነበረ፤ ክፍለ ጊዜውም የጂኦሜትሪ ነበር። አንድ ተማሪ በተነሣ ቁጥር ትምህርት ቢቋረጥ የዓመቱ መርሐ ግብር ባላለቀ ነበር። ወላጅ አምጪ ማለትም ትምህርትሽን አቋርጪ ማለት አይደለም። አንቺ ግን በማግሥቱም በሳምንቱም አልመጣሽም። እልኸኛ ናት ብዬ ስምሽን ከመዝገብ ሰረዝሁ።

ማስታወሻሽ ሠላሳ አራት ዓመት ዘግይቶ ደርሷል። ዘግይቶ የቀረበ ሥራ ከግማሽ እንደሚታረም ደንቤን ታውቂያለሽ። ቢሆንም ከፍርድ ሸሸ እንዳልባል ሠንጠረዡን ከሣጥን አውጥቻለሁ። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ስጨርስም አካፋይ የሌለው መሆኑን ጽፌልሽ፣ አንቺም እጅ ነሥተሽ ትቀርጫለሽ።

አብራኝ የምትኖረው ልጄ ነርስ ናት፤ ወረቀቱን ተሸክሜ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ስመጣ ሣቀችብኝ።

«አባዬ፣ ስልኬ እኮ በአንድ ትንፋሽ ይነግርሃል።»

«ስልክሽ ሠርቶ ያሳያል?»

«መልሱን ያሳያል።»

«መልስማ ጠንቋይም ያሳያል» አልኋት።

በዚህ ቤት ውስጥ ያን ቁጥር በማሽን የነካ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም ብዬ ነግሬአታለሁ። «እሺ» አለችና ክፍሏ ገባች። ጥቂት ቆይታ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምን እንደ ነበረ ሳላውቀው ቀረሁ፤ መነጽሬን አውልቄ ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ነገር ቂም ነው ወይስ ሒሳብ? ቂም ከሆነ ንገሪኝና ድንጋዩን ሌላ ቦታ እናስቀርጽ።

መምህርሽ የነበርሁት


ኅዳር 11

ለመምህሬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልሴ የዘገየው የድንጋይ መቁረጫው ሞተር ተቃጥሎብኝ ነው፤ አሁንም ይህን ስጽፍ መካኒኩ ከኋላዬ እየተሳደበ ይፈታታዋል።

ቂም ነው ወይ ላሉኝ፣ ቂምም አለበት። አልዋሽዎትም። ግን ቂም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ነበር የምቀርጽልዎ። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ በሕዝብ ፊት ባሳፈረዎት፣ እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ በሳቅኩ ነበር።

ሰብሳቢው ደውሎልኝ ነበር። አሁን ትልቅ የመድኃኒት መደብር ባለቤት ሆኗል አሉኝ፤ በድምፁ ግን ያው ከኋላዬ ተቀምጦ ፀጉሬን ይጎትት የነበረው ልጅ ነው።

«አንቺ፣ ቁጥር እኮ ቁጥር ነው! ቅረጪና ላኪው፤ ማን ያካፍለዋል?»

«እኔ አካፍዬዋለሁ።»

«ኧረ ተይ! ጋሽ አይከፈሌ ከሰሙ ያብዳሉ።»

«ሰምተዋል።»

«እና አበዱ?»

«ገና እያካፈሉ ነው» አልኩት።

በዚህ ሥራ ስኖር የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ነው። የአንድ ሟች ሰውዬ መቃብር ድንጋይ ላይ የሞቱበትን ዓመት በአንድ አኃዝ ሳትኩ። ባለቤታቸው በየሳምንቱ እየመጡ ያችን አኃዝ በጣታቸው ዳስሰው ይመለሱ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ድንጋዩን ራሴ ነቅዬ በሌላ ተካሁት። ከዚያ ወዲህ የማላምንበትን አኃዝ አልቀርጽም። የስሕተት ድንጋይ ማን እንዳዘዘው አይታይበትም፤ የሚታየው የቀራጩ እጅ ነው።

ለምን ሳልመለስ እንደቀረሁ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እልኸኛ ናት ብለው ዘጉት። አልጠየቁኝም። አሁንም አልጠየቁኝም።

የድሮ ተማሪዎ


ኅዳር ፳፱ ቀን

ለተማሪዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔን አትጠይቂኝ።

ጨርሻለሁ። ሠላሳ ሁለቱንም ገጽ ጨርሻለሁ። ሠላሳ ቀን ሙሉ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ፣ ከምሳም ዓይኔ እስኪደክም ድረስ አካፍያለሁ። ሁለት ደርዘን እርሳስ አልቋል፤ የመካከለኛ ጣቴ ጎን ቆዳው ተልጧል። በስድስተኛው ገጽ ላይ አንዴ ቀሪው ባዶ ሲሆንብኝ ወንበሩን ገፍቼ ተነሣሁ፤ ጉልበቴን ረስቼው ኖሮ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በኋላ ባየው አምስትን እንደ ስምንት ገልብጬ ኖሮአል። በዕድሜዬ ተማሪዎችን ስቀጣበት የኖርሁት ስሕተት ነው።

ቀሪ የማይተው አካፋይ የለም። እንድታምኚኝ ጥቂቱን ላሳይሽ። አኃዞቹ ሲደመሩ አርባ ዘጠኝ ነው፤ ስለዚህ በሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። በሰባት አራት ይተርፋል፤ በዐሥራ ሦስት ሁለት። ከመካከል ልጥቀስልሽ፤ ዐሥረኛው ገጽ በ7907 ያልቃል፤ ቀሪው 7442 ነው። ዐሥራ አንደኛው ገጽ በ7927 ይጀምራል፤ ቀሪው 2430 ነው። እንዲህ እያለ 28798ን እስካልፍ ሄድሁ። ከዚያ በላይ መፈለግ አያስፈልግም፤ ይህ ቁጥር በራሱ ቢባዛ ወደ እኛው ቁጥር እጅግ ይጠጋል፤ ትልቅ አካፋይ ካለ ትንሹ ጓደኛው ከዚህ በታች መገኘት ነበረበት። የለም!

እንግዲህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ አንቺ የማትዋሺ ልጅ ነበርሽ። የቤት ሥራ ሳትሠሪ ስትመጪ «አልሠራሁም» ትዪ ነበር እንጂ እንደ ሌሎቹ ደብተሬ ውኃ ገባበት አትዪም። እኔም በሥራዬ ስሕተት አላገኘሁበትም። ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም፤ ማን እንደ ተሳሳተ ግን አልታይህ አለኝ። እንደዚህ ያለ ንዴት በሕይወቴ አላውቅም። ትናንት ሠንጠረዡን ወርውሬው፣ ልጄ ከመሬት ለቅማ በቅደም ተከተል አስቀምጣልኛለች።

ምረቃው አንድ ወር ከሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ግን ከቁጥሩ ውጪ የሆነ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ በመቅረቴ የምትወቅሺኝ ነገር እውነት ነው።

ለምን አልተመለስሽም?

መምህርሽ


ታኅሣሥ 7

ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? ጣትዎን ቅባት ይቀቡት፤ እኛ ሥራ ቤት እጃችን ሲላጥ የምናደርገው እሱን ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ቀን በሽርጤ ኪስ ይዤው ዞርኩ።

ወላጅ አምጪ አሉኝ፤ የማመጣው ወላጅ አልነበረኝም። እናቴ ያረፈችው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴን አላውቀውም። ያሳደገኝ አጎቴ ድንጋይ ቀራጭ ነበር። ነገሩን ስነግረው መዶሻውን እንኳ አላስቀመጠም። «ከመምህር ጋር በቁጥር የምትጣላ ልጅ እጇ ሥራ ፈቷል ማለት ነው» አለና ትንሿን መሮ ሰጠኝ። «እስቲ እሱ ቁጣው እስኪበርድለት ይህን ጥረቢ» ነበር ያለው። የእርስዎ ቁጣ ሲበርድ ማን መጥቶ ይንገረኝ? አንድ ሰው ከትምህርት ቤት ይመጣል ብዬ ያንን ዓመት በሙሉ ወደ በሩ ዞሬ ነበር የምጠርበው። አጎቴ «ፍንጣሪው ዓይንሽ ይገባል፣ ዙሪ» እያለ ይቆጣኝ ነበር።

ሥራዬን እወደዋለሁ፤ እንዲያዝኑልኝ አይደለም የጻፍኩት። ስለጠየቁኝ ነው። «ለምን» የሚለውን ቃል ከእርስዎ እጅ ጽሑፍ ሳየው፣ ከዚህ በኋላ ዝም ብል እኔም ሰሌዳ እንደ መጥረግ ይሆንብኛል። ስለዚህ አካፋዩን ባልነግርዎም መንገዱን ልንገርዎ።

ያን ዓመት፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለው፣ ሠንጠረዥዎን ለክፍሉ ግድግዳ እንድገለብጥ አዘውኝ ነበር። በየገጹ አንድ መቶ ቁጥር ነው አሉኝ። ገለበጥኩ። ጋሼ፣ በሠላሳ ሁለቱ ገጽ አካፍዬ ያገኘሁት ይመስልዎት ይሆናል። እኔ ያካፈልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹን አካፍለውባቸዋል። ቆጥረዋቸው ግን ያውቃሉ? ዐሥረኛውን ገጽ ይቁጠሩ።

ተማሪዎ


ታኅሣሥ ፲፭ ቀን

ለልጄ ለእመት ለምን፤

ሰላምታ ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁት። ደኅና ሁኚልኝ።

ቆጠርሁ። ዘጠና ዘጠኝ ነው። ስቼ ነው ብዬ ሁለተኛ ቆጠርሁ፤ ዘጠና ዘጠኝ። ልጄን ጠርቼ አስቆጠርኋት፤ እሷም ዘጠና ዘጠኝ አለችኝ፤ ሳትደነግጥ።

የመጨረሻው ቁጥር ሊኖርበት የሚገባው የቀኝ ማዕዘን ላይ የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም ተቀምጧል። ያተምሁት እኔ ነኝ። ርእሰ መምህርነት የተሾምሁ ሰሞን ማኅተም በእጄ ገባና ያላተምሁበት ነገር አልነበረም፤ የጠመኔ ሣጥን ሳይቀር። ሠንጠረዤን ማንም ገንጥሎ እንዳይወስደው ብዬ ገጽ በገጽ፣ ከመጨረሻው መስመር በታች አተምሁበት። ዐሥረኛውን ገጽ ስሰምረው ግን አንድ መስመር ዝቅ ብዬ ጀምሬ ኖሮ፣ ማኅተሙ ቁጥሩ ላይ ዐረፈ። ዐሥራ አንዱን ቁጥሮች የፈተንሁት ከዚያ በኋላ ነው። 7907ን ጨርሼ ገጹን እገልጣለሁ፤ 7927ን እይዛለሁ። ያን ጊዜም እንዲያ፣ በዚህ ወርም እንዲያ። ባለፈው ደብዳቤዬ ያንኑ ክፍተት በእጄ ጽፌ ልኬልሽ፣ ራሴ አላየሁትም።

ገጹን ገልብጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። ከወይን ጠጁ ቀለም ማዶ የገዛ እጄ ጽሑፍ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። 7919። የብቸኛ ቁጥሮች አንድ ሺኛው።

ከዚያ አካፈልሁ። 8293 ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቶ 374 ተረፈ። ቀጥሎ ባዶ፣ ቀጥሎ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት። አምስት አኃዝ። ከሥሩ 71271 ቀረ። እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ዳስተሩን ያነሣሁብሽ እዚህ ላይ እንደ ነበር ገባኝ። ዘጠኝ ጊዜ 7919 ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ወረቀት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ዞር ብዬ ባየው በቂ ነበር።

ልጄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሮአል። ክፍሏ ገብታ ስልኳን ጠይቃ ነበር።

«ታዲያ ወር ሙሉ ስደክም ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጮኽሁባት።

«ብነግርህ ማን ሊሰማኝ? ከገበታ ልታባርረኝ አይደል!» አለችኝ።

ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ቃሉን ስጽፈው ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ የሚተካው ግን አላውቅም። ሰብሳቢውን ጠርቼ ምረቃው ይሰረዝ ብዬ ብነግረው «ግብዣው ተበትኗል፤ ደግሞ ማን ያውቃል?» አለኝ። የሚያውቅ ሰው አለ አልሁት። በባዶው ግማሽ ድንጋይ ላይ ልትቀርጪ ያሰብሽውን ቅረጪ።

መምህርሽ


ታኅሣሥ 24

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሳላውቃት ወደድኳት።

ድንጋዩ አልቋል። በከረጢት ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጭድ ሣጥን አድርጌ ለጭነት መኪናው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። እስከ ምረቃው ቀን አይፍቱት። ስፋቱን ለምን እንዳበዛሁት አሁን ገብቶዎታል። የእኩል ምልክት ቦታ ይፈልጋል፤ ከእሱ ወዲያ ያሉት ቁጥሮችም እንደዚያው። «መምህራችን እንዳስተማሩን» የሚለውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ይቅርታዎ ደርሶኛል። ቅር አይበልዎትና፣ በፖስታ የመጣ ይቅርታ ለኔ ለብቻዬ የመጣ ነው። ሰሌዳው የተጠረገው በኀምሳ ሁለት ሰው ፊት ነበር። ከነሱ ስንቱ እንደሚመጣ አላውቅም፤ የመጡት ይበቃሉ። ሰሌዳ ያስቁሙና ከ71271 ይቀጥሉልኝ። ከዚያ በፊት ያለውን እኔ ሠርቼዋለሁ።

እኔ አልመጣም። የምጨርሰው የሰው ሥራ አለ፤ ደግሞም ያን በር ስገባ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ተማሪዎ


ጥር ፯ ቀን

ለልጄ፤

እንደምን አለሽ? እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው።

ያልሽውን አደረግሁ። ከክፍልሽ ልጆች ዐሥራ ዘጠኝ መጥተው ነበር፤ ቆጠርኋቸው፤ ከእንግዲህ ሳልቆጥር የማምነው ነገር የለም። ጨርቁ ሲነሣ በድንጋዩ ላይ 829348951 = 7919 × 104729 የሚለው እንደ ተላጨ ፊት ጥርት ብሎ ወጣ። ጥርቡ እጅግ ያምራል፤ ዘጠኟ ላይ ያለው ጥምዝ በተለይ። ልጄ እንደ ነገረችኝ ከኋላ መደዳ አንዱ «ምንድን ነው እሱ?» ቢል፣ ጎረቤቱ «ስልክ ቁጥር ነዋ፤ የቤትና የቢሮ» ብሎ መልሶለታል።

ሰሌዳ አስቁሜ ነበር። ማን እንደ ጀመረችው ተናገርሁ፤ በቅጽልሽ ሳይሆን በሙሉ ስምሽ። ወላጅ እንደሌለሽ ሳልጠይቅ ወላጅ አምጪ እንዳልሁሽ ተናገርሁ። አምስቱን አኃዝ ጻፍሁና «እዚህ ላይ ሰሌዳውን ጠረግሁባት» አልሁ። ቀጥዬ ዘጠኝን ጻፍሁ፤ ቀነስሁ፤ ባዶ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስሕተት አስተምሬአችኋለሁ» ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥሁ።

አጨበጨቡ!

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ቀምቶ «እንዲህ ያለ ትሕትና ከወዴት ይገኛል! መምህራችን ዛሬም አስተማሩን!» አለ። «ትሕትና አይደለም፤ ስሕተት ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ይበልጥ አጨበጨቡ። አንዷ አለቀሰች። የአሁኑ ርእሰ መምህር ክፍሉን በስሜ ሊሰይመው እንደሚያስብ በጆሮዬ ጮኾ ነገረኝ። ጥፋቴን ይዤ ብወጣ በሽልማት ጠቅልለው መለሱልኝ። ጥፋቱን የሚያይልኝ አንድ ሰው ከመካከላቸው አጣሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሁሉም ለምግብ ሲወጣ ሰብሳቢው ብቻውን ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀረ። ማባዛቱን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እየሠራ ነበር። ሲጨርስ ወደኔ ዞረና «ጋሼ፣ ያን ቀን እኔም ስቄባታለሁ እኮ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልበላም።

ያካፈልሁበትን ሥራ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። በጭብጨባ የታለፈ ሥራ አልታረመም ማለት ነው። አርሚኝ። ከአንቺ በቀር የሚያርመኝ የለም።

መምህርሽ


ጥር 15

ለጋሼ፣

ወረቀትዎ ደርሶኝ አረምኩት። ደረጃዎቹ ሁሉ ታይተዋል፤ አኃዞቹ በየመደዳቸው ተሰልፈዋል፤ መልሱ ትክክል ነው። 10/10። ሠላሳ አራት ዓመት ዘግይቶ የቀረበ በመሆኑ፣ በራስዎ ደንብ ከግማሽ ታርሞ 5/10።

አላጨበጨብኩም።

ማካካሻ ከፈለጉ ይኖራል። ሥራ ቤቴ ውስጥ፣ የፊደል ልክ የምነድፍበት ሰፊ ጥቁር ሰሌዳ አለ። እኔም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የያዝኩት አንድ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር አለኝ። ይከፈል አይከፈል አላውቅም፤ ብቻዬን ልጀምረውም አልፈለግኩም። ሠንጠረዡን ይዘው ይምጡ። ከአውቶቡሱ መውረጃ ጀምሮ የመዶሻውን ድምፅ ተከትለው ይደርሳሉ፤ ለጆሮዎ የሚከብድ አይደለም።

ወላጅ ይዘው መምጣት አያስፈልግም።

ተማሪዎ